ቦገንቪሊያው ይከርከም እንጂ አይነቀል



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ከቀረቡት አቤቱታዎች አንዱ በየአጥሩ ላይ የተንዠረገገውን ቦገንቪሊያ የሚመለከት ነበር። እሾሁ መንገደኛ ይወጋል፣ የእናቶችን ነጠላ ይይዛል፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናትን ፊት ይቧጭራል፤ ቅርንጫፉም ከመብራት ሽቦ ጋር ተጠላልፏል ተብሏል። በመሆኑም አንዳንድ አባላት «ከነሥሩ ተነቅሎ ይጣልልን» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ በይደር ስለተላለፈ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የሚሰማንን ለመግለጽ እንወዳለን።

በቅድሚያ አቤቱታው እውነት መሆኑን እናምናለን። ሰው በገዛ ሠፈሩ መንገድ አንገቱን ሰብሮ፣ ዓይኑን በእጁ ከልሎ መሄድ የለበትም። ታዲያ ጥፋቱን ሁሉ በተክሉ ላይ መጫኑ ፍርድ አይሆንም። ቦገንቪሊያ እንደ ሌላው ሐረግ የሚጠመጠምበት ነገር የለውም፤ ወደ ላይ የሚወጣው በእሾሁ እየተንጠላጠለ ነው። የሚከረክመው ካጣ አጥሩን ጨርሶ ሽቦውን፣ ከሽቦው ደግሞ የጎረቤቱን ጣሪያ ይይዛል። እኛ ተክለን ዞር ስንል እሱ ሥራውን ቀጠለ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ሳናውቅ የቀረነው ሌላም ነገር አለ። አበባ የምንለው ቀዩና ሐምራዊው ነገር አበባ ሳይሆን ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በሦስቱ ባለቀለም ቅጠሎች መካከል ያለው ትንሹ ነጭ ነገር ነው። ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው መርከበኛ ከሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ግን ያ ሁሉ ቀለም የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ያልተከረከመ ቦገንቪሊያ ቀለሙ ጫፍ ላይ ብቻ ይቀርና መንገደኛው ፊት ለፊት የሚያገኘው ራቁቱን የቀረ ግንድና እሾህ ይሆናል። መንገደኛውን ከመወጋት የሚያድነው መቀስ አጥሩንም በአበባ ይሞላዋል።

አከራከሙም የሚከብድ አይደለም። በጋው አልፎ አበባው ሲረግፍ፣ ክረምቱ ጠንክሮ ከመግባቱ በፊት፣ ከቅርንጫፉ ርዝመት ሲሶው ይቆረጣል። ከመስከረም በኋላ የተመዘዙትን ረጃጅም ጫፎች ብቻ ቀንጠብ ማድረግ ይበቃል። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ ከሆነም ተስፋ አይቆረጥበትም፤ ሥር የያዘ ጤነኛ ግንድ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀርቶት ቢቆረጥ እንኳ ያቆጠቁጣል። መቀሱ ስለታም ይሁን፤ ወፍራም ጓንት ይደረግ፣ ዓይንም ይጠበቅ። ሽቦ የነካውን ቅርንጫፍ ግን ማንም በራሱ እንዳይደፍር አደራ እንላለን፤ እሱ ለመብራት አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሚነገር ነው።

«የእኔስ ቅጠል ብቻ ሆነ» የሚሉ አሉ። እስቲ ውሃውንና ፍጉን ቀነስ ያድርጉለት። ቦገንቪሊያ ፀሐይ ይወዳል፤ ውሃና ፍግ ሲበዛበት ቅጠል ያበዛል እንጂ አያብብም፤ ሥሩ በውሃ ከጨቀየም ይበሰብሳል። ጥላ ሥር የተተከለ እንደሆነ ደግሞ መቀስም ፍግም አያድነው።

ይነቀል የሚሉት ወገኖች በምትኩ ምን እንደሚመጣ ቢያስቡልን ደስ ይለናል። ባዶ የቀረ አጥር ባዶውን አይቆይም። በከተማችን እንደምናየው የጠርሙስ ስባሪ ይሰካበታል፣ ባለእሾህ ሽቦ ይጠመጠምበታል። የብረቱ እሾህ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ቢጠበቅ አያብብም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከመሬት እስከ 2 ሜትር ተኩል ድረስ ወደ መንገድ የወጣ ቅርንጫፍ እንዳይኖር እያንዳንዱ ባለአጥር ኃላፊነት ይውሰድ፤ ሥሩ የግቢው ቢሆንም መንገዱ የሁላችን ነውና። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ እጀታው ረዥም የሆነ አንድ የአትክልት መቀስ ገዝቶ በተራ ያውሰን። ሦስተኛ፣ በግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ተመርጦ በጋራ እንከርክም፤ አቅም የሌላቸውን አረጋውያንና ሕሙማን ቤት ወጣቶቻችን ይድረሱላቸው። አራተኛ፣ የተቆረጠው እሾህ ቦይ ውስጥ አይጣል። ቦዩን ደፍኖ የክረምቱን ጎርፍ ቤታችን ድረስ የሚያመጣው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከሚቆረጠውም የሚተርፍ አለ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ቅንጥብ ቅጠሉን አራግፎ፣ ግማሹን ውሃ በማይቋጥር አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ እስኪይዝ ድረስ ከጠራራ ፀሐይ ከለል ማድረግ ነው። በሁለት ሦስት ወር ሥር ይሰዳል። ወደ መሬት ሲዛወር አፈሩ እንዳይፈርስ ጥንቃቄ ያሻል፤ ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ነውና። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ችግኙን ከውርጭ መሸፈን ነው። አጥሩ ባዶ ለሆነበት ጎረቤት ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፤ ዋጋውም ሳንቲም አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አንድ ሰው ብቻውን ቢከረክም ይደክመዋል፤ ሁላችንም ብንወጣ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዳትቀሩ። ይነቀል የምትሉም፣ ይቆይ የምትሉም ኑና እንመካከር። ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ግን መጥረቢያ ያነሣ ሁሉ ለጊዜው መልሶ እንዲያስቀምጥልን በአክብሮት እንጠይቃለን።