ከግራፊክስ ካርዱ በፊት

ትንሽ የጌም ኮምፒውተር ልሥራ ብሎ ምክር የሚጠይቅ ወጣት የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ «ገንዘብህን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጣለው፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።» ምክሩ ለሰፊ ኬዝ ግማሽ እውነት አለው። ለትንሽ ኬዝ ግን ስህተት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ገንዘብ ያስከስራል።

በትንሽ ኬዝ ውስጥ ካርዱን የሚወስነው ያ «ሌላው» የተባለው ነው። ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ ወርዱም ቁመቱም 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ለካርድ አንድ ስሎት፣ ለራም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ከዚያ በላይ የለም። እንደ አርቲኤክስ 4090 ያለው ካርድ 30 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ፣ የሦስት ስሎት ስፋት ይዞ፣ ብቻውን 450 ዋት ይፈልጋል። ካርዱን ቀድሞ የገዛ ሰው ኬዙንም ፓወር ሰፕላዩንም ማቀዝቀዣውንም የሚመርጥለት ካርዱ ይሆናል፤ ለእነሱ የሚበቃ ገንዘብ ግን እጁ ላይ አልቀረም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝና ብዙም የማይነሳው የአየሩ ጉዳይ ነው። በቪዲዮ የምናያቸው የሙቀት ልኬቶች አብዛኞቹ የተወሰዱት ለባሕር ወለል በቀረቡ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል። ሰፊ ኬዝ ላይ ልዩነቱ ላይሰማ ይችላል። አሥር ሊትር በምታህል ሳጥን ውስጥ ግን ካርዱ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የፋኑም ጩኸት ክፍሉን ይሞላዋል። ሰው ውድ ካርድ የገዛበት ብልጫ በዚህ ይጠፋል። መካከለኛ ካርድ ገዝቶ፣ በሶፍትዌር የሚወስደውን ዋት በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ፣ ቀሪውን ገንዘብ አየር በደንብ በሚያስገባ ኬዝ ላይ ማዋል ይሻላል።

የመብራቱም ነገር አለ። ግራፊክስ ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈበት ዋት በላይ ይስባል። በ2022 የወጣው የኤቲኤክስ 3.0 ደንብ ፓወር ሰፕላይ ከአቅሙ እጥፍ የሆነ ጭነት ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲችል የጠየቀው ለዚህ ነው። 600 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ስም የለሽ ሳጥን እንዲህ ያለውን ፈተና ለመቻሉ ምንም ማረጋገጫ የለም። መብራት ሲሄድም ዩፒኤሱ እስኪረከብ ድረስ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ያልፋሉ፤ በዚያ ክፍተት ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ነው። ርካሹ ሲቃጠል ደግሞ ማዘርቦርዱንና ያን ሁሉ ብር የወጣበትን ካርድ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መጨመርን እደግፋለሁ፤ አቅም ለሌለው ጥሩ መንገድ ነው። ልኩ ግን ይታወቅ። ብዙዎቹ አነስተኛ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሞዴሎች የሚመጡት ከ180 እስከ 240 ዋት በሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ነው። ቅርጹ የራሳቸው ስለሆነ ከገበያ የተገኘውን አምጥቶ መግጠም አይቻልም። ለእነዚህ የሚስማማው ኃይሉን ከስሎቱ ብቻ የሚወስድ፣ ከ75 ዋት የማያልፍ አጭር ካርድ ነው፤ ጂቲኤክስ 1650 ወይም በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050። ከሳታ ገመድ በመቀጠያ ኃይል ስቦ ትልቅ ካርድ መትከል ግን አደገኛ ነው። የሳታ ማያያዣ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒኑ የካርድ መሰኪያ ደግሞ እስከ 150 ዋት ሊጠይቀው ይችላል። ገመዱ ይቀልጣል፤ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። ይህን እያወቀ ለደንበኛው የሚገጥም ባለሙያ ሊጠየቅ ይገባል።

«ፓወር ሰፕላይ ጌሙን አያፈጥንም» ይሉኛል። አዎ፣ አያፈጥንም። 60 ኸርትዝ ስክሪን ፊት ለተቀመጠ ሰውም በሰከንድ 140 ምስል የሚያወጣ ካርድ ያን ሁሉ አያሳየውም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ግን ሁለትና ሦስት ካርድ ሲቀያየር በቦታው ይቆያል። ማዘርቦርድም እንዲሁ ነው፦ የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ላይ በ2017 የመጀመሪያውን ራይዘን የገጠመ ሰው፣ የቦርዱ አምራች ባዮሱን ካደሰለት፣ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እዚያው ላይ መትከል ችሏል። ካርዱን በኋላ ማሳደግ የሚችለው መሠረቱን አስቀድሞ ያበጀው ነው።

ሻጮች ኮምፒውተር ሲያስተዋውቁ የካርዱን ስም በትልቁ ይጽፋሉ። የፓወር ሰፕላዩን አምራችና ሞዴል፣ የኬዙንም ይዘት በሊትር አብረው ይጻፉ፤ ገዢም ይህ ያልተጻፈበትን ዕቃ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ክዳኑን አስከፍቶ ይይ።