ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ?

ባለፈው ጥር፣ በሰርጉ ሰሞን፣ ደባርቅ ነበርኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ገብስ የጫነ አህያ፣ በግ የሚጎትት ገበሬ፣ በርበሬና ጌሾ የዘረጉ እናቶች... እንደ ድሮው ባይሆንም ገበያው ደርቷል። ድንገት ከባሕር ዛፉ ጀርባ “ዝዝዝ...” የሚል ድምፅ መጣ። ንብ መሆን አለበት ብዬ ሳልጨርስ ገበያው ብትንትን አለ! ማንም “ድሮን!” ብሎ አልጮኸም። መጮህም አላስፈለገም። እናቶች በርበሬያቸውን ጥለው ከግንብ ሥር ተለጠፉ፤ ልጆች ከአህያ ሆድ ሥር ገቡ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ ወደ ላይ አንጋጠጡና “ልጄ፣ ይሄ የማነው? ማን ነው የሚያየን?” አሉኝ።

መልሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተገኘ። ከሰርግ ቤት ነው! ሙሽሮቹን ለመቅረጽ የተቀጠረ የካሜራ ልጅ ነበር። እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ወዲያ ማዶ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ፣ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። ድሮኑ ዛፉን ተሻግሮ ገበያው አናት ላይ መድረሱን አላወቀም። ኋላ ሳነጋግረው ልጁ ላብ በላብ ሆኗል። “ጋሼ፣ በስክሪኑ ሰው ሲሯሯጥ አይቻለሁ። ግን የሚጨፍሩ ነበር የመሰለኝ” አለኝ።

የሚጨፍሩ መሰለው! አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነገር ያዝልኝ። ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ መዝናኛ ድሮን ዓለም ብዙ ደንብ ጽፏል። ከሁሉም በፊት የሚመጣው ግን ቀላል ነው፦ የምታበረውን ነገር በገዛ ዓይንህ እያየህ አብር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአነስተኛ ድሮኖች ያወጣችው ደንብ ይህንኑ ይላል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ይህንኑ ይላል። የዓይን መነጽር ማድረግ ይቻላል፤ በርቀት ማሳያ መነጽር ማባረር ግን አይቆጠርም። ከመሬት 120 ሜትር በላይ መውጣት አይፈቀድም። 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ከሆነ ምዝገባ አለ። አብራሪው ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ካለበት ደግሞ፣ ሰማዩን የሚያይለት ሌላ ሰው አጠገቡ ይቆማል።

ለምን ይሆን? ስክሪን የሚያሳየው ካሜራው የዞረበትን ብቻ ስለሆነ ነዋ! ከጎን የሚመጣውን አሞራ፣ ከኋላ የቆመውን ሽቦ፣ ከታች የሚሸሸውን ሕፃን አያሳይም። ዓይን ግን ዙሪያውን ያያል። አበው “ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል” ያሉት ይህን ሁሉ ሳያዩ ነው።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። ድሮን ከውጭ ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን፣ ማለትም የኢንሳን፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ይዞ ቦሌ የወረደ መንገደኛ ይወረስበታል ወይም እስኪመለስ ይያዝበታል። የአየር ክልሉ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። እሺ፣ ይሁን። አገር ድንበር አለው፣ ሰማይም ድንበር አለው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የቺካጎ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ1944 ሲጻፍ፣ ያለ አብራሪ የሚበር አውሮፕላን የሌላውን አገር ሰማይ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳያቋርጥ በአንቀጽ 8 ደንግጓል። ቁጥጥሩን አልቃወምም። ገበያው ሲበተን ያየ ሰው እንዴት ይቃወማል?

ግን የካሜራውን ልጅ “ፈቃድ አለህ?” ስለው የመለሰልኝን ስሙት። “የትኛውን ፈቃድ ጋሼ? ማንን ልጠይቅ? የት ሄጄ?” ዳባት ሻይ ቤት ያገኘሁት አስጎብኚም፣ ደባርቅ በቅሎ የሚያከራዩትም፣ ስለ ድሮን የሚያውቁት አንድ ቃል ነው፦ “ክልክል ነው”። ስንት ሜትር? ከሰው ምን ያህል ርቀት? በዓይን ማየት ግዴታ ነው ወይስ አይደለም? ጥፋት ሲደርስ ካሣ የሚከፍለው ማነው? የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ታዲያ “ክልክል ነው” ብቻውን ሕግ ይባላል እንዴ? የተከለከለ ነገር በጓሮ ይገባል፤ በጓሮ የገባ ደግሞ ማንም ሳያስተምረው ገበያ ላይ ይበራል። ያ ልጅ “ድሮንህን በዓይንህ ተከተል” የምትል አንዲት መስመር አንብቦ ቢሆን ኖሮ የእነዚያ እናቶች በርበሬ መሬት ላይ ባልፈሰሰ።

በተለይ ስሜን ተራሮች ላይ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሳንቃበር ወይም እሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ድሮን ብታስነሳ፣ እግርህ ሥር 20 ሜትር ከፍታ ላይ የነበረው ዕቃ አፋፉን ባለፈ በሰከንዶች ውስጥ ከመሬት ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ይገኛል። ሜዳ ላይ የተጻፈው የ120 ሜትር ደንብ እዚህ ግራ ይጋባል። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ይለፋል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ጉም ከቆላው ሲወጣ ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ይውጠዋል። እዚያ ገደል ላይ ዋልያ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ አጥንት ሰባሪው አሞራ ጎጆውን ሠርቷል። ደንግጦ ገደል ለገደል የሚሮጥ ግልገል ዋልያ ምን እንደሚገጥመው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ፣ በስንት ልፋት በ2017 ነው የወጣው።

ጥቅሙንም አንካድ። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል የእሳት አደጋ ባለሙያ ከእስራኤል፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ እስኪመጣ ድረስ የአካባቢው ገበሬ በቅጠልና በአፈር ነበር እሳቱን የሚታገለው። የሠለጠነ ስካውት አንዲት ትንሽ ድሮን ይዞ፣ በዓይኑ እየተከታተለ እሳቱ ወዴት እንደሚሄድ ቢያይ ምን ነበረበት? ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሆስፒታሎች ደም በድሮን ታደርሳለች፤ ያውም ከዓይን ርቆ በሚበር ድሮን። ያን ማድረግ የቻለችው ማን እንደሚያበር፣ በየት እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚጠየቅ በደንብ ስለደነገገች ነው። ከዓይን መራቅ የሚፈቀደው ተጠያቂነት ሲቀርብ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደዚያች “የሚጨፍሩ መሰለኝ” ልመለስ።

የደባርቅ ገበያ ከሰርግ ድሮን የሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሕዝብ ጦርነት ጠግቧል። የዳባቷ ጭና በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሕወሓት ታጣቂዎች የገደሏቸውን ልጆቿን ቀብራለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሞት ከሰማይ መጣ። ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ በ2014 የገና ዕለት ከ50 በላይ ተፈናቃዮች በድሮን አለቁ። በአማራ ክልል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ 2023 ብቻ በመከላከያ ሠራዊት 18 የድሮን ጥቃቶች 248 ሲቪሎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በሪፖርቱ ጽፏል። እነዚያን የሚያበሩት ሰዎችም ስክሪን ነው የሚያዩት። ስክሪኑ ላይ ለቅሶ ምን ይመስላቸው ይሆን? ገበያ ምን ይመስላቸው ይሆን? እኛ የምናውቀው ነገር የለም፤ ምክንያቱም ማንም ወጥቶ አልነገረንም።

“የጦር አውሮፕላንና የሰርግ ድሮን ምን አገናኛቸው?” የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ የቺካጎው ስምምነት ራሱ አንቀጽ 3 ላይ የመንግሥት አውሮፕላንን አይመለከተኝም ይላል። ግን የጦርነትም ሕግ አለው። ሲቪልንና ተዋጊን መለየት ግዴታ ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ይህንኑ ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። መንግሥት በየካቲት 2017 ዓ.ም. ማብቂያ የድሮን ፋብሪካ መርቆልናል። ይበል! ፋብሪካው ሲመረቅ በቴሌቪዥን ካሳዩን፣ ድሮኑ ሲሳሳትስ ለምን አይነግሩንም?

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። አንደኛ፣ የትንሹ ድሮን ደንብ በአማርኛ ይታተም፤ በነጋሪት ጋዜጣም፣ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳም ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ አዲስ አበባ ድረስ ሳያመላልስ እዚያው ጎንደር ወይም ደባርቅ ይሰጥ፤ በዓይን ማየት፣ ከሰውና ከአራዊት መራቅ፣ መመዝገብ ግዴታ ይሁን። ያጠፋ ይቀጣ። ሦስተኛ፣ ትልቁም ድሮን ሲያጠፋ ነፃ በሆነ አካል ይመርመር፤ የሟች ቤተሰብ ማን እንዳዘዘ ይወቅ፣ ይካስ።

የካሜራው ልጅ በመጨረሻ ምን አደረገ መሰላችሁ? ድሮኑን አውርዶ፣ ገበያው ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ የፈሰሰውን በርበሬ ከእናቶቹ ጋር ሲለቅም አየሁት። “ይቅር በሉኝ፣ አላየኋችሁም” እያለ። ሽማግሌውም “የማነው?” ላሉት ጥያቄ ሰው አገኙለት፤ መከሩት፣ ይቅር አሉት።

ለሌላው፣ ለትልቁ ድሮን፣ ያው ጥያቄ እስከ ዛሬ እንደተንጠለጠለ ነው። ድሮ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ይባል ነበር። ዛሬ ሰማዩ እንኳ ታርሷል እኮ! ታዲያ ያረሰው ለምን አይጠየቅም?

ልብ ያለው ልብ ይበል!