የእናትም ሐረግ ይቈጠር

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። በጎጃም ልጅ ነፍስ ካወቀ በኋላ ከቤተ ሰቡ ከሚማረው ነገር አንዱ ዘር ቈጠራ ነው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አባቶቹን በቃሉ ሲወጣ ሽማግሎች ደስ ይላቸዋል፤ ይመርቁታልም። ነገር ግን እናትህን፥ የእናትህን እናት፥ የእርሷንም እናት ጥራ ቢባል ብዙው በሁለተኛዋ ወይም በሦስተኛዋ ላይ ይቆማል። እኔ ይህ ጕድለት ሊታረም ይገባል እላለሁ። ምክንያቴንም ካገራችን ልማድና ከዘመኑ ሳይንስ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፥ አባቶቻችን እናትን ከቍጥር አላወጧትም ነበር። በጎጃም ርስት የሚወረሰው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ነበር። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ እስኪሆን ድረስ፥ ርስት የሚከራከር ሰው በእናቱ ወገን ቈጥሮ ከአቅኚው አባት ቢደርስ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። እንግዲህ እናት ለመሬት ክርክር ትጠቅማለች፤ ለስም መጠሪያ ሲሆን ግን ትረሳለች። የደብረ ኤልያስን ተወላጅ ባለቅኔውን ዮፍታሔ ንጉሤን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አባቱንም ከስሙ እንረዳለን። የእናቱን ስም የሚነግረኝ ግን ከክፍላችን ስንቱ ነው? ክብረ ነገሥትም ስለ ቀዳማዊ ምኒልክ ሲተርክ እናቱ ያገራችን ንግሥት መሆኗን ይናገራል፤ ሥርወ መንግሥቱ የተጠራው ግን በአባቱ በሰሎሞን ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ሳይንስ ነው። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ፥ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። የራሳቸው የሆነ ዲኤንኤ አላቸው፤ እርሱም እንደ ቀለበት የዞረ፥ 16,569 ፊደላት ያሉት ጽሑፍ ነው ሊባል ይቻላል። ይህን ጽሑፍ ወንዱም ሴቷም ከእናታቸው ይወርሳሉ፤ ለልጅ የምታወርሰው ግን ሴቷ ብቻ ናት።

ይህ ጽሑፍ ያለፈውን ዘመን እንዴት ሊነግረን ይችላል? የብራና ጸሐፊዎቻችንን ሥራ እናስብ። አንድ ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፥ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዘው ይሄዳሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ መጻሕፍቱን ያስተያየ ሊቅ የትኛው ከየትኛው እንደ ተቀዳ ያውቃል። ከእናት የሚወረሰውም ጽሑፍ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ለውጥ ያገኘዋል። በ1979 ዓ.ም. ሬቤካ ካን፥ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የ147 ሰዎችን ጽሑፍ አስተያይተው፥ የሁሉም የእናት ሐረግ ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት በአፍሪካ ከኖረች አንዲት ሴት እንደሚደርስ ገለጡ። እንዲህ ሲባል ግን በዚያ ዘመን ሌላ ሴት አልነበረችም ማለት አይደለም። የሌሎቹ ሐረግ በየጊዜው ሴት ልጅ እየታጣ ስለ ተቋረጠ ነው።

ስለ እኛ ስለ ደገኞቹስ ምን ተገኘ? በ1997 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የ270 ኢትዮጵያውያንንና የ115 የመናውያንን የእናት ሐረግ መርምሯል። ከኢትዮጵያውያኑ መካከል አማራ፥ ትግራይ፥ ኦሮሞ፥ ጉራጌና ሌሎችም ነበሩበት። ግማሽ ያህሉ ሐረግ ከጥንት ጀምሮ በአፍሪካ የኖረ፥ ግማሽ ያህሉም በእስያና በአውሮፓ ከተሠራጨው ግንድ የተቀጠለ ሆኖ ተገኘ። የየመናውያኑም ሐረግ እንዲሁ እኩል በእኩል ሊባል የሚችል ነው። ከዚህ የምንረዳው ቀይ ባሕር ለእናቶቻችን አጥር ሳይሆን መሻገሪያ እንደ ነበረ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። በጋሞ ደጋ፥ ሞታ ከሚባል ዋሻ (የእኛን የጎጃሟን ሞታ እንዳይመስላችሁ) ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ዐፅም ተገኝቶ፥ የዲኤንኤው ንባብ በ2008 ዓ.ም. ታትሟል። በዚህ ሰው ላይ ከምዕራብ እስያ የመጣ ዘር አልታየበትም። ስለዚህ ዛሬ በእኛ ላይ የሚታየው ቅልቅል አብዛኛው ከእርሱ ዘመን በኋላ የመጣ ነው።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ፥ «እንግዲያው ሳይንስ የማን ዘር ጥሩ፥ የማን ድብልቅ እንደ ሆነ ይለይልናል» ይሉ ይሆናል። እኔ የምፈራው ይህንኑ ነው። በዘመናችን ሰው በዘሩ ምክንያት ከቤቱ ሲፈናቀል አይተናል። ለዚህ ክፉ ሥራ የሳይንስ ካባ ሊደረብለት አይገባም። እስቲ እንቍጠር። ሁለት ወላጆች፥ አራት አያቶች፥ ስምንት ቅድመ አያቶች እያልን ሰባት ቤት ስንደርስ 128 ሰዎች ይሆናሉ። ከእነዚህ መካከል የማይቶኮንድሪያውን ጽሑፍ የሰጠችን አንዲት ሴት ብቻ ናት። የቀሩት 127ቱም ወላጆቻችን ናቸው። በአንድ ክር ጋቢውን ሁሉ መለካት አይቻልም። ደግሞም ክሩ ራሱ የሚመሰክረው የጎጃም ገበሬና የጋሞ ሸማኔ፥ የወለጋ ነጋዴና የየመን ዓሣ አጥማጅ የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን ነው። በዚህ የሚመካ ሰው በሁሉም ይመካ፤ የሚንቅም ራሱን እንደሚንቅ ይወቅ።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ዲኤንኤን የሚያነብ መሣሪያ በእጃችን የለም፤ አያቶቻችን ግን አሉ። እያንዳንዳችን በመጪው ክረምት ቤታችን ስንገባ፥ እማማን ወይም እምዬን ከምድጃው ዳር ጠይቀን የእናታችንን፥ የእናቷን፥ የቅድመ አያቷን ስምና የተወለዱበትን ቀበሌ በደብተራችን እንጻፍ። ወላጆችም ዘር ቈጠራን ለወንዱም ለሴቷም ልጅ፥ በአባትም በእናትም በኩል እንድታስተምሩን በትሕትና እለምናለሁ። መምህራኖቻችንም ደብተሮቹ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጡ ቢፈቅዱልን ከእኛ በኋላ የሚመጡት ይጠቀሙበታል። አሮጊቶቹ አንድ በአንድ እያለፉብን ነውና፥ ሥራው ለከርሞ የሚባል አይደለም።