ስለ አንጎል ዕጢና ለየሕመምተኛው ስለሚስማማ ሕክምና

በሰሜን ደጋ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ሁለት ማሳ ከሩቅ ሲያይ አንድ ቢመስሉትም፥ ቀርቦ ዛላውን ሳይመረምር የዘሩን ዓይነት አይፈርድም። የአንጎል ዕጢም እንደዚሁ ነው። ሐኪሞች ብዙ ዘመን ዕጢውን የሚለዩት በአጉሊ መነጽር በሚታየው መልኩ ነበር። ስለዚህ ዕጢያቸው አንድ የሚመስል ሁለት ሕመምተኞች አንድ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፥ አንዱ ሲበረታ ሌላው ሲደክም ምክንያቱን ማወቅ ያስቸግር ነበር።

ዛሬ ግን ምርመራው እስከ ዘረ መሉ ዘልቋል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ተመራማሪዎች ግሊዮማ በተባለው የአንጎል ዕጢ ውስጥ አይ ዲ ኤች የሚባለው ዘረ መል ተለውጦ አገኙ፤ ይህ ለውጥ ያለባቸው ሕመምተኞችም ከሌለባቸው ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ እንደሚኖሩ ታወቀ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው አመዳደብ፥ ዕጢው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በዘረ መሉም ጭምር እንዲለይ አደረገ።

ከዚህ ዕውቀት ቮራሲዴኒብ የተባለ፥ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ተገኘ። በ2023 በታተመው ጥናት ይህ ለውጥ ያለባቸውና ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 331 ሕመምተኞች ተካፈሉ። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ዕጢው ሳይገፋ የቆየበት ጊዜ በመካከለኛ ስሌት 27.7 ወር ሲሆን፥ መድኃኒት የሌለበት እንክብል በተሰጣቸው ዘንድ 11.1 ወር ሆነ። በ2024 በአሜሪካ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ዕጢውን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ ነቅሎ አያጠፋውም፤ የታሰበውም ለውጡ ላለበት ዕጢ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ለጨነቅና ለደባርቅ ቤተ ሰብ ምን ይጠቅመዋል? እንዲህ ያለው መድኃኒት ዋጋው ከባድ ነው፤ በየስፍራውም አይገኝም። ነገር ግን የሕክምናው መጀመሪያ ዕጢውን ማወቅ ነውና፥ ይህ በጊዜ ወደ ሐኪም ከመሄድ ይጀምራል። በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ቤርገን ጋር ተባብሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ስለ ጀመረ፥ ይህ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያውያን እጅ ይሠራል።

ዕለት ዕለት እየበረታ የሚሄድና ማለዳ የሚያይል ራስ ምታት፥ ያለ ምክንያት የሚመላለስ ትውከት፥ የዓይን መደብዘዝ፥ የአንድ ወገን እጅና እግር መድከም፥ ቀድሞ ባልነበረበት ሰው ላይ የሚነሣ መንዘፍዘፍ ሲታይ፥ ነገሩ ሌላ ሕመም ሊሆን ቢችልም ሳይመረመር አይቆይ። ሕመምተኛውን ወደ ጠበል የወሰደ ቤተ ሰብም ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፥ ካስፈለገም ወደ ጎንደር ከመውሰድ አይከልከል፤ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉምና።

ደግሞም በቀዶ ሕክምና የተወሰደው ናሙና በሰም ውስጥ ከተጠበቀ፥ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ሊመረመር ይችላል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ናሙናው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቅ፤ የምርመራውን ወረቀትና የአንጎሉን ሥዕል እንደ ርስት ሰነድ አክብሮ በሣጥን ይጠብቅ። ነገ አዲስ መድኃኒት ሲደርስ፥ ለማን እንደሚስማማ የሚመሰክረው ያ ወረቀት ነው።