ፀጉርን መቅረጽ ወይስ መስመር መጫር?

ከሸክላ ጭቃ የእንስሳ ምስል የሚቀርጹ ብዙ ጀማሪዎች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። የአካሉን ቅርጽ እንደ ጨረሱ ሹል ሽቦ ወይም ሚዶ አንሥተው መላ ሰውነቱን ከራስ እስከ ጅራት በመስመር ይሞሉታል። መስመሩ በበዛ ቁጥር ሥራው እውነተኛ ፀጉር የሚመስል ይመስላቸዋል። ተመልካቹም አብዛኛውን ጊዜ የድካሙን ብዛት አይቶ ያደንቃል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ልማድ ትጋትን ከማስተዋል ጋር የሚያደባልቅ ስለሆነ ሊታረም ይገባዋል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ዓይናችን ፀጉርን አንድ በአንድ አይመለከትም። አንድ አጎዛ ቀረብ ብላችሁ ብትመረምሩ ፀጉሩ በጉንጉን በጉንጉን ተያይዞ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ታገኙታላችሁ። በጉንጉኖቹ መካከል ጥላ ያርፋል፤ በጫፋቸው ላይ ብርሃን ይታያል። ፀጉርን ፀጉር የሚያስመስለው ይህ የብርሃንና የጥላ መፈራረቅ ነው። ጥልቀታቸውና ርቀታቸው እኩል የሆኑ መስመሮች ግን እንዲህ ያለውን ጥላ ስለማይፈጥሩ፣ ምስሉ ፀጉር የለበሰ እንስሳ ሳይሆን የታረሰ ማሳ መስሎ ይቀራል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ፀጉር የሚተኛበት አቅጣጫ አለው። ከአፍንጫ ተነሥቶ ወደ ግንባር፣ ከትከሻም ወደ ጀርባና ወደ እግር ይወርዳል። ስለዚህ ቀራፂው አስቀድሞ ጡንቻውን ማበጀት፣ ቀጥሎ ትላልቆቹን ጉንጉኖች መደረብ፣ ከዚያም እነርሱን ወደ ትናንሽ መክፈል ይኖርበታል። ቀጫጭን መስመሮች የሚወጡት በመጨረሻ፣ ጭቃው ጠንከር ሲል፣ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ እርጥብ ጭቃ ቢጫር ጠርዙ ይቦጫጨቃልና።

«እያንዳንዱን ፀጉር መጫር ትዕግሥትን ያስተምራል» የሚሉ ይኖራሉ። ትዕግሥት በእርግጥ ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን ከመጫር በፊት አተኩሮ ለመመልከት ነው።

በአዲስ አበባ የሚገኙ ሁለት ሐውልቶች ይህን ያስረዳሉ። ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ጋር ተያይዞ የቆመው የላገሃሩ የነሐስ አንበሳ የፈረንሳዊው የእንስሳት ቀራፂ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ሲሆን፣ ጎፈሩ የተፈጥሮውን መልክ ይከተላል። በ1948 ዓ.ም. ከተከበረው 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል ጋር ተያይዞ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ግን የፀጉርን ዝርዝር ትቶ በግዙፍ ቅርጾች ተጠቃሏል። ሆኖም መንገደኛው ሁለቱንም አንበሳ መሆናቸውን አይስትም። እንግዲህ አንበሳውን ያሳወቀው የጎፈሩ አጠቃላይ ቅርጽ እንጂ የፀጉሩ ቁጥር አይደለም።

ስለሆነም መምህራን የተማሪዎችን የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ሲመዝኑ «ስንት መስመር ተጫረበት?» ከማለት ይልቅ «ምን ያህል ታይቶ ተሠራ?» ብለው ቢጠይቁ ይበጃል። ተማሪውም እጁን ከማሠራቱ በፊት ዓይኑን ማሠራት ይለምዳል።