ለጃኩዚ መቀዝቀዝ ተጠያቂው ማሞቂያው ብቻ ነውን?

በአዲስ አበባ በሆቴል፣ በእንግዳ ማረፊያና በስፓ ሥራ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ባለሀብቶች የጃኩዚው ውሃ አልሞቅ ሲላቸው የሚሰጣቸው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ “ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር” የሚል። ደላላው መርካቶ ይደውላል፣ ዕቃው ይመጣል፣ ይገጠማል። ሳምንት ሳይሞላም ውሃው ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ በግምት ዕቃ እየቀየሩ መቀጠል የሚያዋጣ አይደለም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ማሞቂያው የፓምፑ ጥገኛ ነው። ውሃ በበቂ መጠን ካላለፈበት መቆጣጠሪያው ኃይሉን ራሱ ያቋርጠዋል፤ የተሠራውም እንዲሁ እንዲያደርግ ነው። ስለሆነም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሬዚስታንሱ ሳይሆን የውሃው መንገድ ነው። ፊልትሮው በቆሻሻ ተደፍኗል? ቫልቩ በግማሽ ተዘግቷል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የገንዳው ውሃ ከመምጠጫው በታች ወርዶ ፓምፑ አየር እየሳበ ይሆናል። ፊልትሮውን አውጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ያለ እሱ ማስነሳት ምንም ወጪ የለውም። ማሞቂያው ያኔ ከሠራ ጥፋተኛው ታውቋል።

ሬዚስታንሱ ተጠርጥሮ ከሆነም መለካት ይቻላል። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 3 ኪሎዋት ሬዚስታንስ ኃይሉ ተቋርጦና ሽቦው ተነቅሎ ሲለካ ወደ 16 ኦም ማሳየት አለበት። ምንም የማያሳይ ከሆነ በእርግጥ ተበጥሷል። 16 እያሳየ “ተቃጥሏል” የሚል ጥገና ሠራተኛ ግን ወይ አልለካም፣ ወይ ዕቃ መሸጥ ፈልጓል።

በፓምፑም በኩል ነገሩ ያው ነው። እያጉረመረመ የማይዞር ሞተር ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ካፓሲተር ነው፤ የሚያፏጭ ከሆነ ኩሽኔታ፣ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሲል። ለእነዚህ ሁሉ ሙሉ ፓምፕ መግዛት ጎማ በፈነዳ ቁጥር መኪና እንደመለወጥ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከአሜሪካ የሚመጣው ዕቃ ጉዳይ ነው። በዚያ አገር ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ በኢትዮጵያ 50 ጊዜ ነው። ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር እዚህ ሲተከል ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ የሚገፋው ውሃ ያንሳል፣ ግፊቱም ወደ ሲሶ በሚጠጋ መጠን ይወርዳል፣ ሞተሩ ራሱ ግን ከመጠን በላይ ይግላል። ውሃው ሲያንስ ማሞቂያው ይቋረጣል፤ ባለቤቱም እንደገና ሬዚስታንስ ይገዛል። ትራንስፎርመር ይህን አያድንም፤ ቮልቴጁን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥምና። በተጨማሪም የአሜሪካው 240 ቮልት ከሁለት የ120 ሽቦዎች የሚገኝ ስለሆነ በውስጡ በ120 የሚሠሩ ክፍሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነዚህ በ220 ወዲያው ይነዳሉ። ከሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳያነቡ ዋጋ የሚደራደሩ ገዢዎች የሚከራከሩት በፕላስቲክ ገንዳ ዋጋ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። በ18 ዲግሪ የገባ 1,500 ሊትር ውሃ 38 ዲግሪ ለመድረስ ወደ 35 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ባለ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ ይህን ለመጨረስ ክዳኑ ተከድኖ እንኳ ወደ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለሚገባ እንግዳ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መጀመር ግድ ነው ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ አስነስተው “ማሞቂያው ደካማ ነው” የሚሉ ሥራ አስኪያጆች ሒሳቡን አልሠሩትም።

በቸልታ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ግን መቆጣጠሪያውን “ቀጥታ ማገናኘት” የሚባለው ዘዴ ነው። ማሞቂያው ለምን እንደሚቋረጥ ሳይመረመር የውሃ ፍሰቱን የሚጠብቀው ማብሪያ ማጥፊያ በሽቦ ይታለፋል፤ ውሃው ይሞቃል፣ ሠራተኛውም ተመስግኖ ይሄዳል። ፓምፑ በቆመ ዕለት ግን ሬዚስታንሱ በደረቁ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሽፋኑ ከተሰነጠቀም ኤሌክትሪኩ ሰው ወደተቀመጠበት ውሃ ይገባል። የመሬት ሽቦ የሌለውና በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ ያልተገጠመለት ጃኩዚ ለእንግዳ መከራየት የለበትም።

ለአስመጪዎቹም ገበያው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ፓምፕ ደርድሮ ገዢ ከመጠበቅ ይልቅ ሲል፣ ኩሽኔታና ካፓሲተር በየመጠኑ የያዘ፣ አሮጌውን ዕቃ ለክቶ ደረሰኝ ላይ የሚጽፍ መደብር ደንበኛው ሆቴል ሲሰፋ አብሮት ይሰፋል። ለክቶ “ዕቃው ደህና ነው” ለሚል ባለሙያም የምርመራውን ዋጋ ሳያጉረመርሙ መክፈል የባለሀብቱ ድርሻ ነው። እስካሁን የሚከፈለው ዕቃ ለቀየረው ብቻ ስለሆነ ሁሉም ዕቃ ይቀይራል።