ለመንገድ ይጋገር፣ ለእንግዳ ይጠበስ

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ከምትገኘው ዲብሩጋር ተነሥቶ እስከ ደቡባዊው ጫፍ ካንያኩማሪ የሚወርደው ቪቬክ ኤክስፕረስ የተባለ ባቡር ከ4,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ዳር እስከ ዳር የሚሄድ ተሳፋሪ ሦስት ሌሊት በሐዲድ ላይ ያድራል። በየጣቢያው ሻይ የሚያዞሩ፣ ትኩስ ነገር የሚሸጡ ሰዎች ሞልተዋል፤ ባቡሩም የራሱን ምግብ ያቀርባል። ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ከመቀመጫው ሥር ከሚያስገባው ጓዝ መካከል ስንቅ የያዘ ቆርቆሮ አይጠፋም። ባቡሩ ጥቂት እንደተጓዘ ክዳኑ ይከፈታል፤ አጠገብ የተቀመጠውም ሰው ይጋበዛል።

ሕንዶች ጨው ጨው የሚሉትን ደረቅ መክሰሶች በጅምላ ናምኪን ይሏቸዋል። አብዛኞቹ በዘይት የሚጠበሱ ናቸው። አሁን አሁን ግን ኦቭን ወደ ከተሜው ቤት እየገባ ሲሄድ ማትሪን፣ ናማክ ፓራንና ቻክሊን ከመጥበስ ይልቅ መጋገር እየተለመደ መጥቷል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የተጋገረ ለጤና ይሻላል ይባላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ለመንገድ ስንቅ መጋገር የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው፤ እሱን የዘነጋ ጋጋሪ ደግሞ ከኦቭኑ የሚያወጣው ድንጋይ ነው።

ማትሪ በራጃስታን፣ በኡታር ፕራዴሽና በፑንጃብ የሚወደድ፣ ከፉርኖ ዱቄትና ከቅባት የሚሠራ፣ መዳፍ የማይሞላ ክብ ቂጣ ነው። ናማክ ፓራ ያንኑ የመሰለ ሊጥ ተዳምጦ በትንንሹ ሲቆራረጥ የሚገኝ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ቢያየው ዳቦ ቆሎ ከማለት ወደኋላ አይልም። ሁለቱም የሚቀመሙት በነጭ አዝሙድና በተፈረከሰ ቁንዶ በርበሬ ነው። ቤንጋሎች ኒምኪ በሚሉት ተመሳሳይ መክሰስ ውስጥ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነሳል። እነዚህ ሁሉ አዲስ አበባ ውስጥ ቅመም ተራ ጎራ ያለ ሰው በአንድ ዙር ሸምቷቸው የሚመለስ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ ሕንድ ለዘመናት ስንቋን ለምን ትጠብስ ኖረች? አንዱ መልስ ምድጃው ነው። የሕንድ ቤት ማዕድ ከታች በሚነድ እሳት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የዳቦ መጋገሪያው ዓለም ከቤት ውጭ ነበር፤ በጎዋ ከፖርቱጋሎች፣ በቦምቤይ ደግሞ ከፋርስ ከመጡት ኢራኒዎች ሻይ ቤት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ሁለተኛው መልስ ግን የበለጠ ይስባል። በሂንዱዎች የቆየ ሥርዓት ምግብ ካቻ እና ፓካ ተብሎ ይከፈል ነበር። በውሃ የተቀቀለ ወይም ያለ ቅባት የተጋገረ እንደ ሩዝና ሮቲ ያለው ካቻ ነው፤ በቀላሉ ይረክሳል ተብሎ ስለሚታመን ከማንም እጅ አይበላም፣ ከቤትም ርቆ አይሄድም። በቅቤ ወይም በዘይት የተጠበሰው ፓካ ግን መንገድ ይወጣ፣ ከሌላ ወገን እጅም ይወሰድ ነበር። ስለዚህ መንገደኛው ፑሪና ማትሪ ቋጥሮ ሲነሣ የሚያስበው ስለ ሆዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ንጽሕናውም ጭምር ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መጋገር አዲስ የከተማ ፋሽን ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ጉጀራት ግን ሌላ ታሪክ ትነግረናለች።

የጉጀራት ጄይኖች በምግብ ጉዳይ እጅግ ጥብቅ ናቸው። ሥጋና እንቁላል ቀርቶ ድንችና ሽንኩርት እንኳ የማይቀምሱ ብዙዎች ናቸው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አይበሉም። እርጥበት ያለው ምግብ ካደረ በውስጡ ሕያዋን ፍጥረታት ይፈጠራሉ ብለው ስለሚያምኑ የትናንት ሮቲ ለእነሱ የተከለከለ ነው። ከዚህ ሁሉ ክልከላ መሐል የወጣው ካክራ ነው። ካክራ እንደ ወረቀት ከሳሳ የስንዴ ሊጥ ይሠራል፤ ታዋ በሚሉት ምጣድ ላይ በጨርቅ ወይም በእንጨት መጫኛ እየተጫነ፣ እየተገላበጠ፣ እርጥበቱ ተሟጦ እስኪወጣ ድረስ በዝግታ ይበስላል። አልተጠበሰም፤ ግን ውሃ የለበትምና ማደር ይፈቀድለታል። ሥርዓታቸው ቀኑን ሳይቀር ቆጥሮ አስቀምጧል፤ በዝናብ ወራት 15 ቀን፣ በሙቀት ወራት 20 ቀን፣ በብርድ ወራት 30 ቀን። ማይክሮስኮፕ ያላየ ሰው ያወጣው ሕግ ነው፤ ሻጋታ የአየሩ እርጥበት በበዛበት ወቅት ቶሎ እንደሚመጣ ግን አሳምሮ ያውቃል።

በራጃስታን በረሃማ አገር የሚበላው ባቲ፣ በቢሃር ደግሞ ከተቆላ ሽምብራ ዱቄት ጋር የሚሠራው ሊቲ በፍም ወይም በኩበት እሳት የሚጋገሩ ናቸው። ሕንድ እንግዲህ ሳትጠብስ መሰነቅን ከጥንት ታውቅበታለች።

የካክራ ሕግ የሚያሳየው ነገር ለስንቅ ሁሉ ይሠራል። ምግብን መንገድ ላይ የሚያበላሸው በመጀመሪያ ውሃ ነው። ሻጋታም ባክቴሪያም ያለ ውሃ አይራቡም። መጥበስም መጋገርም ውሃን ያባርራሉ፤ ልዩነታቸው በውሃው ቦታ የሚገባው ነው። ሲጠበስ እንፋሎቱ የለቀቀውን ቀዳዳ ዘይት ይሞላዋል፤ ከአንድ የድንች ቺፕስ ክብደት ሲሦ ያህሉ ዘይት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ዘይት ደግሞ ከአየርና ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ይበላሻል፤ የከረመ ዘይት ጠረን ያመጣል። መጥበሻው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የፈላ ዘይት ከሆነ መበላሸቱን የሚጀምረው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። የሕንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ በመጥበሻ ዘይት ውስጥ የሚጠራቀሙት የብልሽት ውሕዶች ከ25 በመቶ እንዳያልፉ ገደብ ያወጣው ችግሩ የዋዛ ስላልሆነ ነው። በየቤቱ ግን ይህን የሚለካ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ቡጂያስ? በራጃስታን የቢካኔር ከተማ የምትታወቅበት ይህ እንደ ክር የቀጠነ የተጠበሰ መክሰስ እ.ኤ.አ. በ2010 የአካባቢ መለያ ጥበቃ የተሰጠው ሲሆን፣ እዚያው ቢካኔር እ.ኤ.አ. በ1937 የተመሠረተው ሃልዲራም ዛሬ ቡጂያውን ወደ ብዙ አገሮች ይልካል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ያውቁታል። ጥብስ ሆኖ ወራት ይቆያል። እውነት ነው፤ ግን የፋብሪካ መክሰስ የሚታሸገው አየርና ብርሃን በማያስገባ ከረጢት ነው፤ በአየሩ ፈንታም ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን ይሞላበታል። ከረጢቱ ተነፍቶ የሚታየው በዚሁ ጋዝ ነው። የእናት ቆርቆሮ ናይትሮጅን የላትም። በየጣቢያው ተከፍታ በየጣቢያው ትዘጋለች፤ በተከፈተች ቁጥርም አዲስ አየር ታስገባለች። ለእንዲህ ያለች ቆርቆሮ ዘይት ያልጠገበ መክሰስ ይስማማታል።

ጤና ወዳዶቹ የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። የተጋገረ ማትሪ ከተጠበሰው ያነሰ ዘይት ይይዝ ይሆናል፤ ዘይት አልባ ግን አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ለ250 ግራም ፉርኖ ዱቄት 60 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ይገባል። ቅባቱ ውሃ ከመጨመሩ በፊት በደረቁ ዱቄት ላይ በመዳፍ ይታሻል፤ ዱቄቱ በጡጫ ሲጨበጥ ሳይፈረካከስ ቅርጹን መያዝ አለበት። ሕንዶች ሞያን የሚሉት ይህ ነው፤ ማትሪውን ከአፍ ሲገባ እንዲፈርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ኦቭን ውስጥ ከውጭ የሚመጣ ዘይት ስለሌለ ከዚህ የቆጠበ ሰው ጥርስ የሚሰብር ነገር ያወጣል። ጨውም ቢሆን በልክ ይሁን፤ ጨው ውሃ ያስጠጣል፣ ውሃው ደግሞ አውቶቡስ ያስቆማል፤ ሾፌሩም ሁልጊዜ አይቆምም።

ቀሪው ትዕግሥት ነው። ሊጡ በጥቂት ውሃ ጠንከር ተደርጎ ይለወስና ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ይዳመጥና እንዳያብጥ በሹካ ይወጋጋል። ከዚያ በ170 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ እየተገላበጠ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል። እሳቱን ከፍ ማድረግ አያዋጣም፤ ውጩ ይጠቁርና መሐሉ እርጥብ ይቀራል፤ ያ እርጥበት በሁለተኛው ቀን ወደ ውጭ ወጥቶ ሁሉንም ያልማል። ኦቭን የሌለው ሰውም አይቸገር። ከካክራ ተምሮ ሊጡን አሳስቶ በዝቅተኛ እሳት ምጣድ ላይ ያብስለው።

ሁሉም ናምኪን ግን አይጋገርም። ቻክሊ የሩዝ ዱቄትና የጥራጥሬ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው፤ ኦቭን ውስጥ ሲገባ አቧራ አቧራ ይላል፣ ለዘይቱ ቢተው ይሻላል። የተጋገረ ሳምቡሳ ደግሞ ቤት ውስጥ ለሻይ ጥሩ ነው፤ በሆዱ እርጥብ ድንች ይዞ ለሁለት ቀን መንገድ ቢወጣ ግን ጋጋሪው ራሱን ያታለለ ይመስላል። ቴፕላ የሚባለው የጉጀራት ለስላሳ የአብሽ ቅጠል ቂጣ ለጥቂት ቀናት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። በበዓል ቀን፣ እንግዳ በር ላይ ሲቆም፣ ከመጥበሻ የወጣ ትኩስ ማትሪን የሚስተካከል የለም፤ እዚያ መጋገርን መስበክ ድግስ ማበላሸት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ ከጠገበ ጎተራ ላይ የሚጨመር ሊመስል ይችላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ያለው ሕዝብ ስንቅ ከማንም አይማርም። ሆኖም ከተማ ውስጥ ዳቦ ቆሎው ራሱ በዘይት መጠበስ በጀመረበት፣ ዘይት ደግሞ የቤት ወጪ ራስ ምታት በሆነበት ጊዜ፣ አንድ ድስት ዘይት ከማፍላት በሲኒ የሚለካ ዘይት ከሊጡ ጋር ማሸት ቢያንስ ለኪስ ይበጃል። በቅቤ ፈንታ ዘይት ከገባበት ማትሪ ከነቅመሙ የጾም ነው። መንገድ ዳር ሆቴል ገብቶ ወጡ ምን እንደነካው ለማያውቅ ጾመኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወጣቱ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1888 ከቦምቤይ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር፣ የትኛው ምግብ ሥጋ እንደሌለበት መጠየቅ አፍሮ ከመርከቡ ክፍል ሳይወጣ በአብዛኛው የበላው ይዞት የተነሣውን ጣፋጭና ፍራፍሬ ነበር።

መሞከር የሚፈልግ በማትሪ ይጀምር፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። የሚጋግረውም ከመንገዱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይሁን። የመነሻው ዕለት ንጋት ላይ ተጋግሮ ትኩሱን ቆርቆሮ ውስጥ የተከደነ ማትሪ በራሱ እንፋሎት ይርሳል፤ ምሳ ሰዓት ላይም የሚገኘው ለስላሳ ቂጣ ሆኖ ነው።